ፀሐይ ያየው ውሃ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ስልክ ቁጥር ለመመዝገብ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ሦስት ሰው ከተቀመጠ ቃሉ ሁሉ ይጠፋብኛል። ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም፤ እስቲ ልሞክር ብዬ ነው። ከተሳሳትኩ እለፉኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ጋዝ የሚገኘው በዕድል ነው፤ ከሰሉም ከእጅ እየራቀ ሄዷል። በቀደም ዕለት ከካርቱም ተፈናቅለው የመጡ ጎረቤቶቻችን ለልጆቻቸው መታጠቢያ ውሃ ጀሪካን ሞልተው ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ አዋሉት። አመሻሹ ላይ ሴትዮዋ ክዳኑን ስትከፍት በአጥሩ ሥር እያለፍኩ ነበር። ፀሐይ የዋለበት ፕላስቲክ የራሱ ሽታ አለው፤ የቆየ ዘይትና አቧራ ይሸታል፣ ለብ ያለ እንፋሎት አፍንጫን ይነካል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመቴ የሆነ መሰለኝ።

የዚያን ዓመት ታኅሣሥ እናቴ ወንድሜን ወለደች። አባቴ ለማሽላ አጨዳ ሀዋታ ወርዶ ነበር። ከመሄዱ በፊት አንድ ጆንያ ከሰል ከማድ ቤቱ ጥግ አቁሞ፣ አፉን በሲባጎ አስሮ፣ «እስክመለስ ይበቃችኋል» ብሎን ነበር። ይህን ሲል ግን እቴቴ እንደምትመጣ አያውቅም።

እቴቴ የእናቴ አክስት ናት፤ ያሳደገቻትም እሷ ናት። ከመተማ በጋላባት ተሻግራ አራሷን ልትንከባከብ መጣች። ከመምጣቷም ቤቱን ያዘችው። አራስ ጠዋትና ማታ በሙቅ ውሃ ትታጠባለች፤ ያውም በትልቁ ድስት ሙሉ ውሃ። አራስ ከቤት አትወጣም። በሩ በቀን አይከፈትም፤ ቢከፈትም መጋረጃው አይገለጥም። የእናቴ ራስጌ ላይ ቢላዋ ተቀመጠ። የሕፃኑ ጨርቅ ሳይቀር ቀትር ሳይሆን ከገመድ ይነሳል።

ውሃ የማሞቅ ሥራ የእኔ ሆነ።

«ማሬ! ተነሽ! እናትሽ በቀዝቃዛ ውሃ ልትታጠብልሽ ነው?»

በክረምታቸው፣ ሱዳኖች ሽታ በሚሉት ወቅት፣ የገዳሪፍ ጠዋት ይበርዳል። ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ በማድ ቤቱ አገዳ ግድግዳ እየገባ ፍሙን ያነደዋል እንጂ ድስቱን አያሞቅም። ከሰሉ እስኪያያዝ፣ ድስቱ እስኪሰማው፣ እቴቴ ክርኗን ነክራ «ገና ነው» ማለቷን እስክትተው ድረስ ፀሐይ ትወጣለች። እኔም ደብተሬን ይዤ ስሮጥ ትምህርት ቤቱ ሰልፍ ፈትቶ፣ ዘበኛው የብረቱን በር ዘግቶ ይጠብቀኛል። ያረፈደ ወደ ቤቱ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን አስተማሪያችን በሩ ላይ አገኘችኝ።

«ማሬ፣ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ቀረሽ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«እንዲህ ከቀጠልሽ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

ከዚያ የባሰም ነበር። ጆንያው በየቀኑ ወገቡ ይሰበር ጀመር። ካለቀ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ከከተማ ወጥቼ ለማገዶ አገዳ ልለቅም ነው። አገዳ ለቀማ የወጣች ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት አትመለስም። የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው ዓመት ወጥታ ቀርታለች፤ የተረፈውን ደብተሯን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሲባጎውን ስፈታ መጀመሪያ የማየው ከሰሉ ስንት እንደቀረ ነበር።

በእኛ ሆሽ፣ ማለትም በግቢያችን፣ አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ትኖር ነበር። ስሟ ዘይነብ ነው፤ እኛ ልጆቹ ሃቦባ እንላታለን፤ አያቴ እንደማለት ነው። ሃቦባ እሳት ሳታነድ ሙቅ ውሃ አላት። ለሶላት ስትታጠብ ከእጇ ላይ እንፋሎት ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ጂን የሚያሞቅላት ይመስለኝ ነበርና በበሯ ሳልፍ እሮጣለሁ።

ከበር የተመለስኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግድግዳዋ ሥር ተቀምጬ ሳለቅስ አየችኝ።

«ተዓሊ፣ ያ ቢት!» ነይ አንቺ ልጅ ብላ ጠራችኝ። በዓረብኛ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እጄን ይዛ ከቤቷ ጀርባ ወሰደችኝ።

ጂን የለም። አንድ ጥቁር ጀሪካን ነው ያለው። ከድስት ቂጥ የፋቀችውን ጥላሸት በዘይት ለውሳ ቀብታዋለች። ነፋስ በማያገኘው ግድግዳ ሥር አሮጌ ቆርቆሮ አንጥፋ ጀሪካኑን አስተኝታለች፤ በላዩ የፍራሽ ላስቲክ ሸፍናለች። «ንኪው» አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ነክቼ እጄን ሰበሰብኩ።

«ማታስ?» አልኳት።

ገለባ የሞላ ጆንያ አሳየችኝ። ጀሪካኑን መሀል ለመሀል ቀብራ አፉን ትቋጥረዋለች። ዶሮ እንቁላል እንደምትታቀፍ ገለባው ውሃውን ታቅፎ ያድራል። በማግስቱ ጠዋት ብትከፍቺው ከሕፃን ገላ ይሞቃል፤ ለልብስም ለሰውም ይሆናል፤ በጣም እንዲሞቅ ከፈለግሽ እፍኝ ከሰል ይጨርሰዋል አለችኝ።

«ፀሐይ በሸዋል አትሸጥም» ብላ ሳቀች። ሸዋል የሚሉት ጆንያን ነው።

ወደ ቤት በረርኩ። እቴቴ የሕፃኑን ጨርቅ እያጠፈች ነበር። የሰማሁትን ስነግራት ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«ፀሐይ ያየው ውሃ? ለአራስ? አንቺ ልጅ፣ ምች ልታስመቺብኝ ነው?»

«ምች ምንድነው እቴቴ?»

«ፀሐይ ላይ ያለ ነገር ነው። ይመታል።»

«ይታያል?»

«ቢታይ ማን ይመታ ነበር! ሂጂ እሳትሽን አንድጂ።»

ይህን ሳስብ ዋልኩ። የማይታይ፣ ከፀሐይ ጋር የሚወርድና የሚመታ ነገር። እኔ ከትንኝ የሚያንስ ነፍሳት ይሆናል አልኩ። በቀትር ከላይ ይወርዳል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ከውሃው ጋር ሰው ላይ ይፈሳል። ነፍሳት ከሆነ ደግሞ ይጠለላል።

በማግስቱ ሃቦባ ሌላ ጀሪካን ሰጠችኝ። ከእሷው ጎን አስተኛሁት፤ ማታ በገለባው ቀበርኩት። ጠዋት እቴቴ ሳትነሳ ማድ ቤት ገባሁና የእናቴን አሮጌ ሻሽ ድስቱ አፍ ላይ ወጥሬ ውሃውን ቀስ ብዬ ገለበጥኩ። ከዚያ ሻሹን ለብርሃን ዘርግቼ መረመርኩት። አንድ ስንጥር ገለባ ነበረችበት። ስንጥሯን በጫማዬ ረግጬ ገደልኳት። እፍኝ ከሰል አያያዝኩ፤ እቴቴ ስትመጣ ፍሙን አየች፣ ክርኗን ነከረች።

«ውይ! ዛሬስ ቶሎ ተሰማው።»

ትምህርት ቤት ስደርስ ተማሪው ገና አልተሰለፈም ነበር። ዘበኛው «ዛሬ ከየት ተገኘሽ?» አለኝ። በዚያች ቀን የተማርነውን ሁሉ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ማታ ማታ በፀሐይ ብቻ፣ ጠዋት በገለባና በእፍኝ ከሰል። ጆንያው መጉደሉን ተወ ማለት ይቻላል። እቴቴም ይህን አስተዋለች። አንድ ጠዋት ጆንያው ፊት ቆማ አማተበች።

«የታኅሣሡ ገብርኤል ባርኮታል» አለች። «ስንዘግነው አይጎድል!»

አራስ ጥየቃ ለሚመጣው ሁሉ ትናገር ጀመር። ሴቶቹ ማድ ቤት እየገቡ ጆንያውን በመዳፋቸው ዳስሰው እጃቸውን ይስማሉ። አንዷማ ለቤቷ በረከት ይሁን ብላ አንድ ፍንካች ከሰል በመሐረብ ቋጥራ ሄደች። እኔ በመልአክ ስም የዋሸሁ ስለመሰለኝ የገብርኤል ሥዕል ካለበት ግድግዳ ፊቴን አዙሬ መተኛት ጀመርኩ።

እናቴ ግን ሌላ ነበረች። አንድ ማታ እቴቴ ወጣ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ።

«ማሬ።»

«አቤት።»

«ይሄ ውሃ ጀሪካን ጀሪካን ይላል።»

ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው።

«ትምህርት ቤት ደርሰሽ ነበር ዛሬ?»

«አዎ። ሳይሰለፉ።»

«እንግዲያው ነገም ይሞቅ» አለችኝ።

ከዚያ የፈተናው ቀን መጣ። ጠዋት ተነስቼ ሻሹን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ እቴቴ ለሕፃኑ እግር መጠቅለያ ወስዳዋለች። እንዳልጠይቃት ምን ልታደርጊበት ነው ትለኛለች። ሌላ ጨርቅ ልፈልግ ስል ረፈደ። አንድ ቀን ምን አለበት ብዬ ውሃውን ሳላጠልል ገለበጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። ስትንቀጠቀጥ የአንገረቡ፣ የአልጋዋ፣ ገመድ ይንጣጣል። ጥርሷ ከጥርሷ ሲጋጭ ይሰማል። እቴቴ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ትዞራለች። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስታገኝ ጨርቅ ትወትፍበታለች።

«በየት ገባብኝ?» ትላለች። «በየት በኩል አየቻት ይቺ ፀሐይ?»

ከዚሩ ኋላ፣ ከመጠጥ ውሃ ጋኑ ማለቴ ነው፣ ሄጄ ተሸጎጥኩ። ማታም እራት አልበላሁም። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ማንም ሳያስቀረኝ ቀረሁ። እናቴ አንዴ ትሞቃለች፣ አንዴ ትበርዳለች፤ ሕፃኑም ጡቱን ይዞ ይለቃል። ረፋዱ ላይ መቻል አቃተኝና እቴቴ ዘንድ ሄጄ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ምኑ ነው አንቺ?»

«ምቹን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ አጠልለው ነበር። የፈተናው ቀን ሳላጠልለው ገለበጥኩት።»

ምን እንደምል መጀመሪያ አልገባትም። ጀሪካኑን፣ ገለባውን፣ ሻሹን፣ ስለ ጆንያው በረከት ጭምር ሁሉንም ተናገርኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። ዓይኔን ስከፍት መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አለችኝ፤ የማታውቅ ይመስል።

«ዘጠኝ።»

«እኔ አሥራ ሁለት ነበርኩ።» ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስተኛችው። «ቋራ ነው። እህቴ እናትሽን ወልዳ ተኝታለች። ልብሷን ከገመድ አንሺ ተባልኩ፤ እኔ ጨዋታ ላይ ነበርኩ፤ ቀትር አለፈ። የጋለውን ልብስ እንዳለ አምጥቼ ደረብኩላት። ሙቀቱ ደስ ይላል አለችኝ፤ ሳቀችልኝ። ማታውኑ ያንቀጠቅጣት ጀመር። በአምስተኛው ቀን ቀበርናት።»

«ማን ገደላት አሉ?»

«ምች መታት አሉ። ልብሱን ማን አመጣው ያለኝ የለም። እኔ ግን አውቃለሁ።»

ከዚያ ብድግ ብላ ከጓዟ ውስጥ የደረቀ ዳማከሴ አወጣች። በእጇ አሽታ የእናቴን ግንባርና መዳፍ ቀባቻት፣ አፍንጫዋ ላይ ያዘችላት። ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ሳበችላት።

ሃቦባ ዘይነብ ሾርባ ይዛ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ብርድ ልብሱን ገልጣ የእናቴን አንገት ነካችና፣ የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች።

«ደ መላሪያ!» አለች። «ቁሙ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት።»

እቴቴ ዓረብኛ አታውቅም፤ ሃቦባም አማርኛ አታውቅም። እናቴ ደግሞ በዚያ ሰዓት የማንንም አትሰማም። በመሀላቸው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ምን አለች?» አለችኝ እቴቴ።

«ወባ ነው፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት አለች።»

እቴቴ በሩ ላይ ሄዳ ቆመች። «አራስ? በዚህ ቀትር? ምች የመታትን ሴት ፀሐይ ውስጥ አውጥቼ እኔው በእጄ ልግደላት? ንገሪያት!»

ነገርኳት። ሃቦባ ተቆጣች። «ይቺ ሴትዮ እዚህ ጨለማ ውስጥ ልትቀብራት ነው ወይ? ከበሩ ላይ ዘወር በዪ በያት!»

«ምን አለች?» አለች እቴቴ።

ሁለቱንም አየኋቸው። ያለችውን ብነግራት እቴቴ ከዚያ በር አትነቃነቅም። የምናገረው ሁሉ ሁልጊዜ ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር፤ ያን ዕለት ግን ያልተባለውን አወጣሁት።

«በጥላ እንወስዳታለን አለች። ፀሐይ ሳያያት።»

እቴቴ በሩን ይዛ ወደ ውጭ አየች። እኔም የሃቦባን ቶብ፣ ያን ረጅም የሱዳን ሴቶች ልብስ፣ ጫፉን ይዤ ሳብኩት። በአፌ ምንም አላልኩም፤ ጨርቁን ከራሴ በላይ ዘርግቼ አሳየኋት። ሃቦባ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እቴቴን አየች። ከዚያ ቤቷ ሄዳ ሌላ ወፍራም ቶብ ይዛ ተመለሰች፤ እቴቴም ጨርቁን ዳስሳ ከበሩ ዘወር አለች።

በአህያ የሚጎተት ካሮ ተጠራ። እናቴን ፍራሽ ላይ አስተኛናት፣ ሕፃኑን ከጎኗ አደረግን። ቶቡን በላይዋ ወጥረን በግራ በኩል እቴቴ፣ በቀኝ ሃቦባ፣ ከኋላ ሁለቱን ጫፍ እኔ ይዘን ተጓዝን። ካሮው መንገድ ባጠፈ ቁጥር ፀሐይዋም ትዞራለች፤ እቴቴ «ወደዚህ! ወደዚህ ዝቅ አድርጊው!» ትላለች በአማርኛ፤ ሃቦባ ዝቅ ታደርጋለች። አሁን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። ክንዴ ሊገነጠል ደርሶ ነበር፤ ግን አንዲት ጨረር ብታልፍ በእኔ በኩል እንድታልፍ አልፈለግሁም።

ሐኪም ቤት የእናቴን ጣት ወግተው ደሟን መስታወት ላይ ቀቡት። የሚመረምረው ሰውዬ አንድ ዓይኑን መሣሪያው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየና «መላሪያ» አለ።

«ምች አይደለም ወይ በይው» አለችኝ እቴቴ።

ምችን በዓረብኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። «ፀሐይ አይደለም ወይ?» አልኩት።

«ሸምስ?» ሳቀ። «ትንኝ ናት እንጂ።»

ትንኝ ሲል ልቤ ወደቀ። እንግዲያው እውነት ነበር፤ አጥልዬው ቢሆን ኖሮ። በስንት መከራ ድምፄን አውጥቼ «ከመታጠቢያው ውሃ ጋር ፈስሳባት ነው?» አልኩት።

ሰውዬው መሳቁን ተወና ጎንበስ ብሎ አየኝ። «አይደለም። ሰው የምትነክሰው የምትበረዋ ናት። እናትሽ የምትታጠብበት ውሃ ምንም አላደረጋት። አጎበር ግን አላችሁ?»

ይህን ለእቴቴ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ በመመለሻችን ፀሐይዋ ዘቅዝቃ፣ መንገዱ ሁሉ ጥላ ሆኖ ሳለ፣ እቴቴ ግን የቶቡን ጫፍ እስከ ቤታችን በር አልለቀቀችም።

እናቴ መድኃኒቷን ጨረሰች። ከተነሳች በኋላ አንድ ቀን «እቴቴ፣ ያን ጆንያ የባረከው ገብርኤል ይኸው ቦርሳ ይዞ ትምህርት ቤት እየሄደልሽ ነው» ብላ አሳቀቻት። እቴቴም «ይቺ ሌባ!» ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫው ግን አያምም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑን ጠዋት ፀሐይ ላይ የምታወጣው እሷ ሆነች። ለአራሷ ሲሆን «በእሳት ጨርሺው» ማለቷን አልተወችም፤ የራሷን እግር ግን ማታ ማታ በፀሐይ ውሃ ታጥብ ነበር። አንዳንዴ ከጀሪካኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ መዳፏን ጥቁሩ ላይ አድርጋ ትቆያለች።

ከሰሉ አባቴ እስኪመለስ ቆየ። እኔም ዓመቱን አልደገምኩም።

ወንድሜ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ፤ እቴቴ በሳምንቱ ልትሄድ ተነሳች። ወደ ጋላባት የሚሄደው መኪና እስኪሞላ አብሬያት ቆምኩ። ጓዟን አስጭና፣ መስኮቱ አጠገብ ቦታ ይዛ፣ ስትመርቀኝ ቆየች። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ በመስኮቱ እጇን አውጥታ አንገቴን ያዘችና ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋች። አንድ ነገር ጠይቃኝ ስትለቀኝ መኪናው ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ያለችኝ ይህ ነው፦

«አንቺ ተማሪ ነሽና ንገሪኝ እስቲ ልጄ፤ የእኔም እህት ያኔ ወባ ይዟት ይሆን?»